የአባ ኑርዬ ሹክሹክታ

«ከሃያ ማለፍ የለበትም! ከሃያ ካለፈ ምን ዋጋ አለው?»

ዝምታ።

«ስምንት ሰው? ኧረ ስምንት ሰው አይችለውም! ሥጋው ማለቁን አይታችሁ እንዳትሸወዱ፣ አጥንቱ ወይራ ነው! አሥራ ሁለት ይሁን፣ እየተቀባበላችሁ!»

ደግሞ ዝምታ። ከዚያ፣

«ለሱ ብቻ እንዳትነግሩት! ከሰማ እምቢ ይላል!»

ቃል በቃል እንዲህ ላይሆን ይችላል። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ያኔ የሰማሁትና ኋላ የተነገረኝ ተደበላልቆብኛል። ድምፁ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ዶሮአችን ከቁልቋሉ አጥር ሥር እየደበቀች የምትጥለውን እንቁላል ልፈልግ ተንበርክኬ ነበር። ከአጥሩ ማዶ፣ ሾላው ጥላ ሥር የቅሬው ሰዎች ተቀምጠዋል።

ቅሬ በእኛ በኩል እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚገባበት ነው። የታመመውን ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል፣ የሞተውን ይቀብራል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ሲቀብር እንጂ ሲያደርስ አላየሁም ነበር። ዳኛው አባ ኑርዬ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ጆሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ሌላው ሰው ወደ ጆሯቸው ተጠግቶ፣ በእጁ ጋርዶ ነው የሚነግራቸው። እሳቸው ግን የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ፣ ሹክ ያሉ እየመሰላቸው ይጮሃሉ። ስለዚህ የዚያ ቀን ምክር እኔ ዘንድ የደረሰው ግማሹ ብቻ ነው፤ የሳቸው ግማሽ።

«ሠርክአዲስ አውቃለች? አልቅሳም ቢሆን እሺ ካለች፣ አልሐምዱሊላህ!»

ሠርክአዲስ እናቴ ናት። ይኼኔ «እሱ» የሚሉት ማንን እንደሆነ ገባኝ። አያቴን ትዕዛዙን ነው። አያቴን ሊቀብሩት ነው።

አላለቀስኩም። የገረመኝ ነገር ነበር፤ ለመቀበር እምቢ ማለት እንደሚቻል እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

አያቴ አናጺ ነበር። ከሐይቅ በላይ ካለችው መንደራችን አንሥቶ እስከ አርዲቦ ድረስ የእሱ እጅ ያላረፈበት በር፣ የእሱ ጠፍር ያልተወጠረበት አልጋ አልነበረም። እኔ ባወቅሁት ጊዜ እጁ ገና አልሰነፈም፤ ወደ ሥራው የሚያደርሰው እግር ነው ያጣው። ሁለቱን ጉልበቶቹን ሾሟቸው ነበር፤ ቀኙን ቀኛዝማች፣ ግራውን ግራዝማች ብሎ። ጠዋት ከመደቡ ሲነሣ እናቴ፣

«እንዴት አደርክ አባዬ?» ካለችው፣

«እኔስ ደኅና ነኝ። ቀኛዝማችም ይመስገነው ገብሯል። ግራዝማች ግን እንደ ሸፈተ አደረ» ይላታል።

እግሩ ሲያብጥ ደግሞ፣ «ሹመት እንዲህ ያወፍራል፤ ምን ታደርጊዋለሽ» እያለ በጣቱ ተጭኖ ጉድጓዱን ያሳየኛል። ጉድጓዱ እስኪሞላ አብረን እንጠብቅ ነበር። ለእኔ ጨዋታ ነበር።

ሌሊት ሌሊት ደረቱ ያፏጫል። ምንድነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ባለ ዋሽንት ገብቶብኝ ነው» አለኝ። «ዝናብ አባሮት ገባ። እንግዳ ነውና ውጣ አልለው ነገር።»

አመንኩት። ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጥፌ አዳምጥ ነበር።

«ዛሬ ምን እየነፋ ነው?» ይለኛል።

«ያው የትናንቱን።»

«እንግዲያው አምባሰል ነው። አገሩ ናፍቆታል።»

ሐይቅ ከተማ ያየው ሐኪም ለእናቴ ምን ብሎ እንደነገራት እሷ የነገረችኝ፣ እኔ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው። ልቡ ደክሟል፣ ሳንባው ውኃ ይዟል፣ የሚመጣውን ክረምት አያይም ብሏት ነበር። ባለ ዋሽንቱ ውኃ ኖሯል። አያቴም ያውቅ ነበር። ጆሮዬን ደረቱ ላይ ሳደርግ ትንፋሹን ለአፍታ ይዞ ቀስ አድርጎ የሚለቀው፣ ዜማው እንዲያምርልኝ ብሎ ነበር ይሆን? እንጃ። እንደዚያ ይመስለኛል።

የማይቀልድበት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በየዓመቱ መስከረም ሃያ አንድ ለግሸን ማርያም ይወጣል። መኪና እስከሚያደርስ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር፣ ያንን አቀበት። አንድም ዓመት አስታጉሎ አያውቅም ነበር። ነሐሴ ላይ ጎረቤታችን ታመነ በቅሎውን አምጥቶ አፈናጠጠውና እስከ መስኩ ድረስ ሊለማመዱ ሄዱ። ብዙም ሳይርቁ አዞረውና በጎኑ ወረደ። ደግነቱ መሬቱ ጭቃ ነበር።

«ወደቅህ እንዴ አያ ትዕዛዙ?» ብሎ ታመነ ሲሮጥ፣

«ልትወድቅ ስትል ቀድሜ ወረድኩላት» አለው፤ ጭቃው ከጢሙ እየተንጠባጠበ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ማታ ግን ራቱን ሳይበላ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። እናቴ አጠገቡ ስትቀመጥ፣ «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደጇን ባይ ሌላ አልለምንም ነበር» ሲላት ሰማሁት። እናቴ ጋቢውን አለበሰችው። ባለ ዋሽንቱም ያን ሌሊት ጮክ ብሎ ነፋ።

እንግዲህ የአባ ኑርዬን ሹክሹክታ የሰማሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ከሰማሁ በኋላ ደግሞ ማስረጃው እየመጣ እቤቴ ድረስ ተከመረልኝ። ምሳ ተበልቶ አያቴ ሲያሸልብ፣ የአባ ኑርዬ ልጅ ሙአዊያ በጓሮ በኩል ድምፁን አጥፍቶ ገባ። ገመድ ይዟል። ከአያቴ ራስ እስከ እግሩ ለካው፣ ገመዱን ቋጠረ፣ እኔን ሲያይ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወጣ። በማግስቱ እናቴ የአያቴን ነጭ ጋቢና ነጭ እጀ ጠባብ አጥባ አሰጣች። ስታጥብ ታለቅሳለች። ሰው ሲሞት ነጭ እንደሚለብስ አውቃለሁ። በሦስተኛው ሙአዊያን ከቤታቸው ጀርባ ሁለት ረጃጅም አጣና ሲልጥ አየሁት። አጣናዎቹ መሬት ላይ ጎን ለጎን ተጋድመዋል፣ በመካከላቸው ርብራብ እየገባ ነው።

ቃሬዛ ነበር። ቃሬዛ ላይ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ ለእኔ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

«አባባ፣ ተነሥ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«አርዲቦ፣ አክስቴ ዘንድ።»

«ምን ተገኘ?»

«ሊቀብሩህ ነው።»

ደንግጦ ይነሣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ያበጠውን እግሩን እያየ ጥቂት አሰበና፣

«መቼ?» አለኝ።

«ከሃያ በፊት። ከሃያ ካለፈ ዋጋ የለውም አሉ አባ ኑርዬ።»

«እኔን ሳያማክሩ?»

«ከሰማህ እምቢ ትላለህ አሉ።»

«እሱስ እውነታቸውን ነው።» ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «ቃሬዛውን ማን ይሠራዋል?»

«ሙአዊያ።»

«ከምን እንጨት?»

«ከባሕር ዛፍ።»

የተቆጣው ይኼኔ ነው። «ባሕር ዛፍ! እኔን! በእርጥብ ባሕር ዛፍ! የመንደሩን ሰው ሁሉ በወይራ ያሰናበትኩትን ሰውዬ!» አለና መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ደግሞ ተመልሶ ሳቅ ሆነ፤ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ከሳቁ የመጣ እንባ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ሳስበው ገና «ከሃያ በፊት» ስለው ሁሉ ነገር ገብቶት ነበር። ሃያ አንድ የግሸን ማርያም ናት።

«ስሚ ሰሎሜ፣» አለኝ ትንፋሹ ሲመለስ። «ሰው ሳይሞት አይቀበርም፤ ሕጉ እንዲያ ነው። እነዚህ ሌላ ነው የጠነሰሱት። ተሸክመው ግሸን ሊያወጡኝ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መልሰው ያመጡኛል።»

አላመንኩትም። ልጅ አታልቅስ ሲባል የሚነገረው ነገር መሰለኝ። እሱም አለማመኔን አይቶ ትከሻዬን ተደገፈና፣ «ነይ፣ ሄደን እናስቆማቸው» አለ።

የአባ ኑርዬ ቤት ተጣርቶ የሚሰማ ያህል ቅርብ ነው። እኛ ግን ቆይተን ነው የደረስነው። አሥሬ እየቆመ፣ «ቆይ፣ ሐይቁን ልየው» ይለኛል። ሐይቁ ከታች ተኝቷል፤ አንድ ታንኳ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች አቅጣጫ ትንቀሳቀሳለች፣ አደዩ ዳር ዳሩን ወጥቷል። እኔም አብሬው ቆሜ አያለሁ። ምን ያህል ይወደዋል እል ነበር። ትንፋሽ እየሰበሰበ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው፣ ዳገቱ ለእኔም ሲከብደኝ። ያም ሆኖ ሐይቁን መውደድን የተማርኩት በእነዚያ ማረፊያዎች ነው፤ ስለዚህ አልዋሸኝም።

አባ ኑርዬ ደጅ እንደገባን ሰዎቹ ዝም አሉ። ሙአዊያ ቃሬዛው ላይ ተጎንብሷል፤ ታመነ አለ፣ ሌላው ጎረቤታችን መዝገቡ አለ፣ ሌሎችም። አባ ኑርዬ ብድግ ብለው እጅ ነሱ።

በሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል የእኔ ሥራ የታወቀ ነበር። አንዱ ትንፋሽ የለው፣ አንዱ ጆሮ የለው። አያቴ ዝግ ብሎ ይናገራል፣ እኔ በአባ ኑርዬ ጆሮ እጮሃለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ያለኝን ያህል ያገኘሁት እንዲህ ከሰው አፍ እየለቀምኩ ነው።

«ሽማግሌ በቁሙ የሚገንዝ ዳኛ የት አገር ነው ያለው በይልኝ» አለ አያቴ።

ጮህኩ።

«ወሬውን ማን አወጣው?» ብለው አባ ኑርዬ ዙሪያቸውን ገላመጡ።

«አንቱው ነዎታ!» አለ ሙአዊያ በጆሯቸው። «አርዲቦ ድረስ ተሰምቷል!»

ሁሉም ሳቁ። አባ ኑርዬ ምን እንደተባለ በደንብ ባይሰሙም ሰው ስለ ሳቀ ሳቁ።

አያቴ ወደ ቃሬዛው ሄዶ በዝግታ መሬት ተቀመጠ። አውራ ጣቱን በርብራቡ ላይ አስኬደው፣ ማጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ነቀነቀው።

«ይኼን ሚስማር ማን መታው?»

«እኔ ነኝ አባ ትዕዛዙ» አለ ሙአዊያ።

«ገደሉ ላይ ስትደርሱ ይላወሳል። ሚስማር ውሎ ሲያድር ይለቃል፣ ልጄ። እርጥብ ጠፍር ግን እየደረቀ ይጨብጣል። ጠፍር የለም?»

ጠፍር መጣ። ውኃ መጣ። አያቴ ሚስማሩን አስነቅሎ ጠፍሩን እየነከረ ማሰር ጀመረ፤ አንዱን ዙር በእግሩ ረግጦ፣ ሌላውን በጥርሱ ይዞ። ሙአዊያ አጠገቡ ተቀምጦ ያያል። እጁ እየሠራላቸው አፉ እምቢ ይላቸዋል።

«ለሌላ ሰው ይሆናችኋል። ለእናቶች፣ ለወላድ። እኔ አልወጣበትም።»

«ምን አለ?» አሉ አባ ኑርዬ።

«አልወጣበትም አለ!»

«እንዴ! ኩራት ነው በሉኝ! ስታረጅ ኩራት ምን ይሠራልሃል፣ አንተ ወይራ!» አሉ አባ ኑርዬ። «በመኪና እስከ ግርጌው እንሄዳለን፣ ከዚያ አቀበቱን እስከ አምባው በር ድረስ እኛ፣ ከበሩ ወዲያ ታመነና መዝገቡ ይረከቡናል። ምን ቀረህ?»

እኔም ኩራት መስሎኝ ነበር። አያቴ የያዘውን ጠፍር ጥብቅ አድርጎ ሳበና፣ ቀና ሳይል፣

«ማናዬን በዚህ ነው የወሰድናት» አለ።

ይህን ንገሪልኝ አላለኝም። እኔም አልጮህኩም። አባ ኑርዬ ግን ከንፈሩን አይተው ነው መሰለኝ፣ ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ።

ማናዬ ሴት አያቴ ናት፤ እኔ አልደረስኩባትም። እናቴ እንደነገረችኝ፣ ያመማት ቀን በቅሬው ቃሬዛ፣ እሱ ራሱ በሠራው በወይራው፣ ወደ ሐይቅ ከተማ ይዘዋት ወረዱ። እሱ ከጎኗ እየሄደ መንገዱን ሙሉ ያስቃት ነበር። «ማታ እንመለሳለን፣ ላሟ አልታሰረችም እንጂ ሌላ የሚያሳስብ የለም» ይላታል። አስፋልቱ እስኪደርሱ ሳቀች። ማታ ተመለሱ፣ እውነቱን ነው። ፊቷን ሸፍነዋት ነበር። ከዚያ በኋላ ከማንም በላይ የሰው ቃሬዛ ሲሸከም የኖረው ሰው፣ ሕያው ሰው ሲሸከሙ ግን ከኋላ ከኋላ ነበር የሚሄደው፣ ሳይናገር።

አባ ኑርዬ መጥተው አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ጮኸ። ባወቅኋቸው ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው በእውነት ዝቅ አለ፤ ለመስማት መጠጋት ነበረብኝ።

«ትዕዛዙ፣ እኔና አንተ ስንቱን ሰው ተሸክመናል? አንዱስ ‹ቀስ በሉ፣ ጎረበጠኝ› ብሎ ሰድቦን ያውቃል? አንተንም እንሸከምሃለን። እሱ የማይቀር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው። ያን ቀን ግን ዝም ብለህ ነው የምትሄደው። እኔ ካንተ ዝምታ ጋር ያን መንገድ እንዴት እዘልቀዋለሁ? እንዲያው አንድ ጊዜ፣ ወላሂ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እየሰደብከን እንሸከምህ።»

ሙአዊያ ሽማግሌ ሆኗል አሁን፤ ብዙ ዘመን ጅዳ ሠርቶ ተመልሶ ከሐይቁ ዳር ሽንኩርት ያለማል። ባለፈው ሳገኘው ያን ቀን አነሣንና፣ «አባቴ እውነቱን ነበር» አለኝ። «በጥር አያትሽን ስንቀብር፣ እንደ ላባ ቀሎን ነበር። ግን እንደዚያ መንገድ የረዘመብኝ የለም። የሚሰድበን አልነበረማ።»

አያቴ ጠፍሩን ትቶ እጁን ያይ ነበር። እኔ አሁንም ዓይኔ ቃሬዛው ላይ ነው። ገመዱ፣ ነጩ ጋቢ፣ የእናቴ ለቅሶ፣ ሁሉም በዓይኔ ይመላለሳል። መልሰው እንዲያመጡት የሚያደርግ ነገር ልፈልግለት ስባዝን አንድ ነገር ታየኝ።

«ተቀምጦ ይሂዳ!» አልኩ። «ሙት አይቀመጥም!»

ታመነ ሳቁን ሊይዝ አፉን በእጁ ያዘ። አያቴ ግን አልሳቀም። ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ ዓይኔ ውስጥ የነበረውን ፍርሃት ያን ጊዜ ገና ያየው ይመስለኛል። እዚህ ድረስ ተደግፎኝ ሲመጣ የተሸከምኩት እሱን ብቻ መስሎት ኖሯል።

«ሙአዊያ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ርብራቡ እንዲህ ከሆነ ወንበር አይዝም። እነዚህን ሁለቱን አቀራርባቸው።»

«ወንበር?»

«የእኔን የጠፍር ወንበር ከቤት አምጣና እሰረው። ፊቴን ወደ ኋላ አድርገው። ከፊት ያለውን እናንተ እያያችሁ ውጡ፣ እኔ የመጣሁበትን እያየሁ እወጣለሁ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ኑርዬ ከኋላ ይሁን፣ ስሰድበው ፊቱን እንዳየው። ከበሩ ሲደርስ ግን ታወርዱኛላችሁ። ከዚያ ወዲያ ቀኛዝማችና ግራዝማች እየተሳደቡም ቢሆን ያስገቡኛል።»

መዝገቡ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ሙአዊያ ርብራቡን ሊፈታ ተጎነበሰ።

«ምን አለ?» አሉኝ አባ ኑርዬ፣ ጆሯቸውን አዘንብለው። «ሰሎሜ፣ ምን አለ?»

ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ እቤት ያለችው እናቴም እንድትሰማ፣ ባለኝ ትንፋሽ ሁሉ ጮህኩ።

«እሺ አለ!»